ንፋስ ልንቀበል

የአዲስ አበባን ሰው ያህል ንፋስ የሚፈራ የለም፤ ንፋስ ልቀበል ብሎ ከቤት የሚወጣም እንደሱ የለም። በጠራራ ፀሐይ፣ 16 ሰው ትከሻ ለትከሻ በተጣበቀበት ሚኒባስ ውስጥ አንዱ ወጣት መስኮቱን ጣት የሚያስገባ ያህል ከፈተ እንበል። ከኋላ ወንበር ወዲያው «ወንድም፣ ዝጋው እባክህ፣ ልጅ ይዣለሁ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ልጅ ያልያዘውም «እኔም ጉንፋን ይዞኛል» ይላል። ረዳቱ ራሱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የውጭውን ንፋስ በነጻ እየጠጣ «ዝጋው በቃ፣ ሰው አትረብሽ» ብሎ ይፈርዳል። መስኮቱ ይዘጋና አንዱ የተነፈሰውን ሌላው እየተቀበለ በሰላም እንጓዛለን። እሑድ ሲደርስ ይኸው ሰው ቤተሰቡን አስከትሎ፣ ለታክሲ ከፍሎ፣ ለመግቢያ ከፍሎ ፓርክ ይገባል። ምን ልታደርጉ ነው ቢሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ንፋስ ልንቀበል።»

አቀባበሉን ግን ቆሞ ላየው ሰው ጉድ ነው። እናት የሕፃኑን ኮፍያ እስከ ቅንድቡ ድረስ ትስበዋለች። አባት የጃኬቱን ዚፕ አገጩ ሥር ያደርሰዋል። አያት ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ ያጣፉና ዓይናቸውን ብቻ ለተፈጥሮ ይለቃሉ። ንፋሱ ቢመጣ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ከውጭ ሀገር የመጣ ዘመድ ካለ ወደ ፓርክ መውሰድ የእንግዳ አቀባበል ግዴታ ሆኗል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ለዕረፍት የመጣች አንዲት ልጅ ከአክስቶቿ ጋር አንድ ፓርክ ገብታ፣ ለምለሙን ሣር ስታይ ጫማዋን አውልቃ በጀርባዋ ጋደም አለች። አክስቶቿ የታመመ ሰው ያዩ ይመስል ተንጫጩ።

«ተነሽ! ተነሽ! ብርድ ይገባሻል!»

«ኧረ ልጅቷን ምች ሊመታት ነው! አሁን እኮ ነው የበላችው!»

«ቤት ዳማከሴ አለን?»

ልጅቱ ሳቀች። «ኧረ ተዉኝ አክስቴ፣ እዚያ እኮ ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚተኛው።»

«እዚያማ ሌላ ነው» አሉ ታላቂቱ አክስት። «የእዚያ መሬት ኢንሹራንስ አለው።»

ክርክሩን ፊሽካ ገላገለው። ጥበቃው ከሩቅ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ ነው የነፋው። «እህት፣ ከሣሩ ላይ ውረጂ!» አለ። ሣሩ ከመሬት ምንም ከፍ አላለም፤ መውረድ ግን ግድ ነው። ልጅቱ ወርዳ ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ሲሚንቶውም ከሣሩ ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር። ይሁን እንጂ ስለ ብርድ ሁለተኛ ያነሳ አልነበረም፤ ብርድ የሚገባው ከሣር ነው መሰል።

በየቤታችን ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ፣ ላስቲኩ ሳይነሳለት ዳንቴል የለበሰ ሶፋ አለ፤ የቤቱ ሰው ዱካ ላይ ይቀመጣል። የከተማችን ሣርም ያው ሶፋ ነው። እንግዳው ማን እንደሆነ ብቻ እስካሁን አልተነገረንም።

ሣር ላይ መቀመጥን ዓለም ከእኛ ቢማር ነበር የሚያምርበት። በዓል ሲደርስ ቄጠማ በእስር ገዝተን፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክመን አውጥተን፣ ሳሎን ውስጥ ጎዝጉዘን፣ ዕጣን አጭሰን፣ ቡና አፍልተን፣ ጫማችንን አውልቀን እንቀመጥበታለን። ያን ጊዜ ብርድ የሚባል ነገር አይነሳም። ተነቅሎ ቤት ሲገባ ዘመዳችን ነው፤ በበቀለበት ቦታ ስናገኘው ግን ከሩቅ ሰላምታ እንሰጠዋለን። አሁን አሁን ደግሞ ቄጠማውም ቀርቶ የጀበና ቡና የሚያፈሉ ልጆች ሰው ሠራሽ ሣር በሜትር ገዝተው ያነጥፋሉ። ከእውነተኛው ይበልጥ አረንጓዴ ነው። ማታ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ጠዋት በኦሞ ታጥቦ ይሰጣል፣ ክረምት ከበጋ አይጠወልግም። ፓርክ አጥር ሥር የፕላስቲክ ሣር ላይ ተቀምጦ፣ ሁለተኛውን እየጠጣ፣ እውነተኛውን ሣር በአጥሩ ፍርግርግ የሚያይ ሰው አይቻለሁ። ፊቱ ላይ ቅሬታ አልነበረም።

እርግጥ ሕጉ የማይመለከታቸው ዜጎች አሉ፤ ሙሽሮች ናቸው። ቅዳሜና እሑድ ሣሩን መርገጥ ብቻ ሳይሆን መንከባለልም ይችላሉ፤ ለቪዲዮ የሚከፈለው ተከፍሏላ። ጥበቃው ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ፈገግ ይላል። ሣር ለመርገጥ ትዳር መያዝ የሚያስፈልግበት ከተማ ሌላ የት እንዳለ እንጃ። በጥር ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዱ ፓርክ ውስጥ አራት አምስት ሠርግ አንድ ላይ ይገናኛል። ፏፏቴው አጠገብ ወረፋ አለ፣ ድልድዩ ላይ ወረፋ አለ፣ አበባ ያበበችው አንዲት ዛፍ ሥር ደግሞ የሁለት ሠርግ ሚዜዎች «እኛ ነን ቀድመን የደረስነው» በሚል ሊጣሉ ደርሰዋል። የሚዜዎቹ ሱፍ አንድ ዓይነት ቀለም ከሆነ የማን ሚዜ የማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል፤ በማያውቁት ሠርግ አልበም ውስጥ ለዘለዓለም ቆመው የቀሩ አይጠፉም።

ካሜራማኑ የዕለቱ ንጉሥ ነው። «ሙሽሪት፣ አገጭ ቀና! ሙሽራው፣ እጅህን ወገቧ ላይ! አይ እንደሱ አይደለም፣ እንደምትወዳት አድርገህ!» ይላል። ሙሽራው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ቆሞ የዋለ ነው፤ ጫማው ጠቦታል፤ እንደሚወዳት አድርጎ ይይዛታል። «አሁን ቀስ ብላችሁ ሩጡ!» ይባላሉ። ቀስ ብሎ መሮጥ በዓለም ላይ ያለው በሠርግ ቪዲዮ ብቻ ነው። እየሮጡ መሳቅ አለባቸው፤ እየሳቁ ወደ ኋላ ማየት አለባቸው፤ ቬሎው ደግሞ የሣሩን ውሃ ጠጥቶ ከብዷል። ቬሎ ያዧ ትንሽ ልጅ ካሜራ ውስጥ እንዳትገባ ቁጥቋጦ ሥር ተደብቃ ከረሜላ ትበላለች። በፓርኩ ውስጥ ከልቧ የምትዝናና እሷ ብቻ ሳትሆን አትቀርም።

ከበሩ ላይ ያለውም የራሱ ትያትር ነው። ቦርሳ ይፈተሻል፤ ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ውስጥ ካፌ አለ፣ የካፌው ዋጋም የካፌ ነው። አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ሲደርሱ ፈታሹ ጨርቁን ገለጥ አደረገ።

«እማማ፣ ምግብ አይገባም።»

«ምን ምግብ አለ ልጄ? ዳቦ ነው።»

«ዳቦ ምግብ ነው እማማ።»

«ዛሬ በስንት ነው?» አሉት።

«በ21።»

«ታዲያ! የማርያም ዝክር ነው እንጂ ምን ምግብ ነው?» ብለው ከድፎው ቆረስ አድርገው ዘረጉለት። ፈታሹ ግራ ቀኝ አየ። መመሪያው ስለ ዝክር የሚለው ነገር የለም። ቆብ አውልቆ፣ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «ይግቡ እማማ፣ ዓመት ዓመት ያድርስልን» አለ። ከኋላ በርገር የያዙ ወጣቶች ግን ተመለሱ፤ በርገር ዝክር የሚሆንበት ቀን ገና አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ በፊት «ፓርክ» ሳይሆን «መናፈሻ» ነበር የምንለው። አምባሳደር፣ ብሔረ ጽጌ፣ ሐምሌ 19፣ የካ፣ ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ግቢ ሁሉ የየራሳቸው ደንበኞች ነበሯቸው። ለማትሪክ የሚያጠና ተማሪ ደብተሩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተመላለሰ ጮክ ብሎ ይሸመድድ ነበር፤ ዛፎቹ ባይሎጂ ከመምህሩ ይበልጥ ያውቃሉ። ጡረተኛው አንድ ጋዜጣ ለአምስት ሰው እያከራየ ያነባል። ደላላው አግዳሚ ወንበሩን ቢሮ አድርጎታል። በዝናብም በፀሐይም የማይታጠፉ ጃንጥላዎችም ነበሩ፤ ከጃንጥላው ሥር አራት እግር ይታያል፣ ፊት ግን አይታይም። በአጠገባቸው የሚያልፍ አዋቂ ሰው ሳል ማለትን እንደ ሞራል ግዴታ ይቆጥረው ነበር። ሣሩ ሣር ሳይሆን እዚህም እዚያም የበቀለ ሰርዶ ነበር፤ ማንም ውረድ የሚል አልነበረም። አበባ አልነበረም፣ መብራት አልነበረም፣ ሽንት ቤቱ ባይወራ ይሻላል። ዛሬ የሚናፍቁት ሰዎች ሽንት ቤቱን የረሱ ናቸው።

አዲሱ ዘመን የገባው በእራት ነው። ግንቦት 2011 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ግብር አዳራሽ «ገበታ ለሸገር» ተብሎ አንድ ሰሃን 5 ሚሊዮን ብር ተበላ። ዓላማው ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ማልማት ነበር፤ ዕቅዱ 29 ቢሊዮን ብር ነው የተባለው። እንግዲህ እንዲህ ባለ እራት የተጀመረ ሣር ላይ ጥበቃው ፊሽካ ቢነፋ አይፈረድበትም፤ እኔም ብሆን እነፋለሁ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ የቤተ መንግሥቱ ግቢ አንድነት ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። ከዚያ በፊት በዚያ አጥር ሥር ያለፈ ሰው ጫማው ቢፈታ እንኳ ጎንበስ ብሎ አያስርም፤ እየጎተተ ያልፋል እንጂ። አሁን እዚያው ግቢ ገብቶ ለዙፋን ችሎቱ ጀርባውን ሰጥቶ በስልክ ራሱን ያነሳል። ግቢው ውስጥ ወዳሉት አንበሶች ሲደርስ ደግሞ ይቀየማል። ጥቁር ጎፈር አንበሳ በቀን አብዛኛውን ሰዓት ይተኛል፤ ተፈጥሮው ነው። የእኛ ሰው ግን «ይኼን ሁሉ ከፍለን የመጣነው ሲተኛ ልናይ ነው?» ይላል። አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው «ተነስ እንጂ አንበሳው!» ብሎ ያበረታታዋል። አንበሳው አንድ ዓይኑን ገልጦ አይቶ ይከድነዋል። በግቢው ውስጥ ሣር ላይ በጎኑ የሚጋደም ፍጡር እሱ ብቻ ስለሆነ አልፈርድበትም።

ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ስንሄድ ጥያቄያችን አንድ ነው። አስጎብኚው የዛፉን ስም፣ የበቀለበትን ወይናደጋና ደጋ፣ አገር በቀል መሆኑን ሲዘረዝር በትዕግሥት ይሰማል፤ ሲጨርስ «ለምን ለምን ይሆናል?» ይባላል። ለሆድ? ለራስ ምታት? ለቡዳ? ለምንም የማይሆን ዛፍ ከሆነ ጉብኝቱ ይቀጥላል። ለሆነ በሽታ ይሆናል ከተባለ ግን አስጎብኚው ዘወር ሲል ሁለት ቅጠል ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ትምህርቱ የገባን መሆኑ የሚታወቀው ከበሩ ላይ በሚደረገው የቦርሳ ፍተሻ ነው።

እንጦጦ ላይም ያው ነው። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ እንጦጦ መውጣት የጨዋ ሰው ሥራ ሆኗል። «ከተማው ውስጥ አየር የለም፤ እንጦጦ ያለው ንጹሕ፣ የአባቶቻችን ጫካ ነው» የሚል ሰው ከፊት ለፊቴ ጥልቅ ትንፋሽ ሲስብ ሰምቼዋለሁ። የሚስበው በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ባሕር ዛፍ ነው። ከተማዋ ማገዶ አልቆባት ወደ አዲስ ዓለም ጓዟን ልትጠቀልል ስትል ያስቀራት ይኸው መጤ ዛፍ ስለሆነ ዜግነት ይገባዋል፤ ክርክር የለኝም። ይሁንና ሰውዬው ንጹሕ አየሩን ሲጨርስ ከዛፉ ለጋ ቅጠል ሸምጥጦ በፌስታል ያዘ። ምነው ቢሉት «ለጉንፋን ነው፣ እታጠንበታለሁ» አለ። ንፋስ ሊቀበል የወጣ ሰው የንፋሱን መድኃኒት ከዚያው ይዞ መመለሱ አርቆ አሳቢነት ነው።

ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚሮጡት ባለ ስፖርት ልብሶች ሌላ ወገን ናቸው። ከጓሮ በኩል ደግሞ እንጨት ተሸካሚ እናቶች፣ ከራሳቸው ቁመት የሚበልጥ ሸክም ጀርባቸው ላይ አስረው፣ በነጠላ ጫማ እየሮጡ ይወርዳሉ። አንዱ ሯጭ የእጅ ሰዓቱን እያየ ቆሞ «ስንት ካሎሪ ይሆን የሚያቃጥሉት?» አለ ለጓደኛው፣ ከልቡ ተደንቆ። ጓደኛው ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ አያውቅም።

ወንዞቻችንም የሚነሱት ከዚሁ ተራራ ነው፤ ሲነሱ እንደማንኛውም ወንዝ ናቸው። ቀበና ውስጥ ዋና የተማሩ፣ ልብስ ያጠቡ፣ ጠጥተው ያደጉ ሽማግሌዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ሲያወሩ ልጆቻቸው «አባዬ ደግሞ» ብለው ይስቃሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያወራውም። ከተማው ቤቱን ሲሠራ ፊቱን ወደ መንገድ፣ ጀርባውን ወደ ወንዝ አደረገ። ሳሎን በመንገድ፣ ሽንት ቤት በወንዝ። ክረምት ሲገባ፣ ሌሊት ዝናቡ ሲጠና፣ ሌላው ሰው ጣሪያው እንዳያፈስ ይጸልያል፤ አንዳንዱ ግን ባትሪ ይዞ ወጥቶ የጉድጓዱን መክፈቻ ይፈልጋል። ጠዋት ላይ ግቢው ደርቆ፣ ጉድጓዱ ጎድሎ፣ ጎረቤት ለጎረቤት «ዝናቡ እንዴት ያለ ነው!» ይባባላል። «ይመስገነው፣ ጥሩ ነው።» «ይመስገነው።» የፍሳሽ መምጠጫ መኪና በገንዘብ የሚሠራውን እግዜር በነጻ ሠራው ማለት ነው። ይኸው ሰው ራት ላይ ቴሌቪዥን ሲያይ የወንዝ ብክለት ዜና ከመጣ «ሕዝቡ እኮ ግንዛቤ የለውም» ይላል።

አሁን በቀበናና በግንፍሌ ዳር ድንጋይ ተነጥፎ፣ አግዳሚ ወንበር ተተክሎ፣ አበባ በቅሎ፣ መብራት በርቷል። ያምራል፤ ያማረውን አምሯል ማለት አድርባይነት አይደለም። ቆሻሻ የሚጥል ይቀጣል ተብሏል፤ ባትሪ ይዞ በሌሊት የሚወጣው ሰው የሚቀጣ መሆን አለመሆኑን ዝናቡ ሲጠና እናያለን። የእኛ የተመልካቾቹ ነገር ግን አልተለወጠም። ወንዝ ዳር የመጣ ሰው ወንዙን ሲያይ አይታይም። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ወንዙን ከኋላው ያደርጋል፣ ፈገግ ይላል። ድሮ ጀርባውን የሚሰጠው ቤታችን ነበር፤ አሁን ራሳችን መጥተን እንሰጠዋለን። ሽታ በፎቶ አይወጣምና ፎቶውን ያየ ሁሉ «ዋው፣ የት ነው?» ይላል። ከወንበሩ ዝቅ ብሎ ወደ ውሃው መቅረብ የሚቻልበት ደረጃ ባለበት ቦታ እንኳ የሚወርደው ኳስ የወደቀበት ልጅ ብቻ ነው፤ እሱም እናቱ እስክታየው።

ውሃው ግን አይቆምም። በቡልቡላና በአቃቂ ወርዶ፣ ከሀገሪቱ ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ወደ ሆነው አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ግራ ቀኙን ያጠጣል። ከተማው ዳር ያሉትን የአትክልት ማሳዎች ያየ ሰው በፓርክ ውስጥ ያን የመሰለ አረንጓዴ አላየም፤ ቆስጣው ጃንጥላ ያክላል፣ ሰላጣው ያብረቀርቃል፣ ጎመኑ ከጥቁርነቱ የተነሳ ሰማያዊ ይመስላል። ተመራማሪዎች በዚህ ውሃ በለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ደጋግመው ጽፈዋል። ጥናት አናነብም እንጂ ወሬውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ስለዚህ ጉሊት ስንሄድ እንጠይቃለን።

«ቆስጣው ከየት ነው የመጣው?»

«የዝዋይ ነው፣ የኔ እናት።»

«ጎመኑስ?»

«እሱም የዝዋይ ነው።»

«ሰላጣው?»

«ዝዋይ። ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፤ ጤዛውን አታዪውም?»

አጠገቧ ያለችውም፣ ከእሷ ማዶ ያለችውም የዝዋይ ነው የሚሸጡት። የአቃቂ ቆስጣ የሸጠች ሴት እስከ ዛሬ አልገጠመችኝም፤ የገዛም ሰው የለም። ጉሊት ላይ በሚባለው ቢለካ ዝዋይ ከጣና ይበልጣል። ገዥዋ ጤዛውን አራግፋ፣ ቅጠሉን አፍንጫዋ ድረስ አንስታ አሽታ፣ ሁለት እስር አስመረጠች። «ምርቃት ጨምሪበት እንጂ» አለች፤ ሻጯም አንድ ትልቅ፣ ለምለም ቅጠል ጨመረችላት።